ደብዳቤው ከመጣ በኋላ

በአሜሪካ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት፣ ዐቢይ ጾም ተይዞ ፋሲካ እስኪደርስ ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ታላቅ ደስታ በድንገት ይገባል። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለው ልጅ ካመለከተበት ኮሌጅ «ተቀብለንሃል» የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል። እናት እልል ትላለች፤ አባት ከሌሊት ሥራው ተመልሶ፣ እንቅልፉን ትቶ፣ ደብዳቤውን ደጋግሞ ያስነብባል፤ ቡና ይፈላል፤ ወደ አዲስ አበባ ለአያት ስልክ ይደወላል። ይህ ደስታ የተገባ ደስታ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የተደከመበት ዛፍ ፍሬ ሲያሳይ የማይደሰት ወላጅ የለምና።

ነገር ግን በዚያው ምሽት፣ ማንም ሳያስተውለው፣ ሌላ ነገር ደግሞ ይጀምራል። ልጁ መጽሐፉን ይዘጋል። «ከእንግዲህማ ገብቻለሁ፤ የቀረው ወግ ብቻ ነው» ይላል በልቡ። ወላጆቹም በልባቸው የሚሉት ከዚህ የተለየ አይደለም። ከዚያ ቀን አንሥቶ ግን ትምህርቱ እስኪያልቅ ድረስ ገና ሁለት ወር፣ አንዳንድ ጊዜም ሦስት ወር ይቀራል። ዛሬ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ስለ እነዚህ ወራት ነው። ወሩንና ዓመቱን የምጠቅሰው ጕዳዩ በሚፈጸምበት አገር አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላሳስብ እወዳለሁ።

በመጀመሪያ፣ እኛ ወላጆች በዚህ ነገር ስለምን እንደምንሳሳት እንመልከት። ብዙዎቻችን ያደግንበት የኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ሥርዓት ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባውን በር በአንድ ብሔራዊ ፈተና ይከፍት ነበር። ተማሪው በየመንፈቀ ዓመቱ በክፍል ያገኘውን ነጥብ ዩኒቨርሲቲው አጥብቆ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የማትሪኩን ውጤት ነው። ፈተናው የሚመጣው በመጨረሻ ስለ ሆነ፣ ከእርሱ በኋላ የሚላላ ትምህርት የለም። ስለዚህ «ገብቷል» የሚለው ቃል በእኛ ጆሮ የተፈጸመ ነገር ነው።

የአሜሪካው ሥርዓት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ኮሌጁ ተማሪውን የሚመርጠው የዘጠነኛውን፣ የአሥረኛውንና የአሥራ አንደኛውን ክፍል ነጥብ፣ ቢበዛም የአሥራ ሁለተኛውን የመጀመሪያ አጋማሽ አይቶ ነው። የመጨረሻውን አጋማሽ ገና አላየውም። ያላየውን ነገር አምኖ ቦታ ይሰጣልና፣ ደብዳቤው ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ያኖራል፤ ይኸውም «ይህ ቅበላ የሚጸናው እስካሁን እንዳሳየኸው ባለ ትጋት ዓመቱን ስትፈጽም ነው» የሚል መንፈስ ያለው ነው። ይህ ዐረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከእንኳን ደስ ያለህ በታች፣ ወደ መጨረሻው ይገኛል፤ ደብዳቤው በቤት ውስጥ ጮክ ተብሎ ሲነበብም ሰው ሁሉ እልልታ ላይ ስለ ሆነ አይሰማም። ከዚህም በላይ፣ ብዙ ኮሌጆች የሚጠቀሙበትን ኮመን አፕ የተባለውን የማመልከቻ ሥርዓት የሞላ ተማሪ፣ ቅበላው በመጨረሻው ትራንስክሪፕት ላይ የተመሠረተ መሆኑን ማወቁን ገና ሲያመለክት በፊርማው አረጋግጧል። እንግዲህ ልጁ የያዘው ርስት አይደለም፤ ሁለት ወገን ያለበት ቃል ነው። ይህን ሳያውቅ የሚኖር ቤተ ሰብ፣ ላም አለኝ በሰማይ እንዳለው ሰው ይሆናል።

ኮሌጁስ የመጨረሻውን ነጥብ በምን ያውቃል? የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ በተለምዶ ካውንስለር የሚባለው፣ ስለ ተማሪው በተለያየ ጊዜ ለኮሌጁ ወረቀት ይልካል። አንደኛው ከማመልከቻው ጋራ ይሄዳል። ሁለተኛው የመጀመሪያው አጋማሽ ካለቀ በኋላ በክረምቱ ብርድ መካከል ይሄዳል። ሦስተኛውና የመጨረሻው ተማሪው ከተመረቀ በኋላ፣ ከሙሉ ነጥቡ ጋራ ይላካል። እንግዲህ የመጨረሻው ነጥብ ተሰውሮ ሊቀር የሚችል ነገር አይደለም፤ ጊዜውን ጠብቆ በራሱ እግር ኮሌጁ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል።

ነገሩን አስጊ የሚያደርገው ደግሞ ጊዜው ነው። በአሜሪካ አብዛኞቹ ኮሌጆች ተማሪው ምርጫውን እንዲያስታውቅና የቦታ ማስያዣ ገንዘብ እንዲከፍል የሚጠብቁት እስከ ሜይ 1 ቀን ነው። ልጁ አንዱን መርጦ ሲከፍል፣ ለሌሎቹ «አልመጣም» ብሎ ይመልሳል። የመጨረሻው ነጥብ የሚደርሰው ግን በጁን መጨረሻ ወይም በጁላይ ነው። ኮሌጁ ያን ጊዜ ቅበላውን ቢሰርዝ፣ ልጁ ሌሎቹን በሮች በገዛ እጁ ከዘጋ ሁለት ወር አልፎታል። ይህን የምለው ላስፈራራ አይደለም፤ ነገሩ መቼ መታረም እንዳለበት ለማሳየት ነው እንጂ።

አሁን ደግሞ «ነጥብ ምን ያህል ቢወርድ ነው ቅበላ የሚያሠርዘው?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ለሁሉ ኮሌጅ አንድ ልክ የለም። ቢሆንም ቅሉ አንዳንድ ነገር በሚገባ ይታወቃል። በአሜሪካ ትምህርት ቤት ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1 ተብሎ ይቈጠራል፤ ኤፍ ባዶ ነው። በአንድ ትምህርት ከኤ ወደ ቢ መውረድ አብዛኛውን ጊዜ ማንንም አያስቈጣም። ዲ ወይም ኤፍ ግን የትኛውንም የቅበላ ጽሕፈት ቤት ያስደነግጣል። ኤ ብቻ ይዞ የተመረጠ ተማሪ በአንድ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ሲ ቢያመጣ፣ ኮሌጁ «ይህ የመረጥነው ልጅ ነውን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እንደዚሁም በማመልከቻው ላይ «እማረዋለሁ» ያለውን ከባድ ትምህርት ኮሌጁን ሳያስፈቅድ የተወ ተማሪ፣ ነጥቡ ባይወርድ እንኳ ቃሉን እንዳፈረሰ ሊቈጠርበት ይችላል።

ግልጽ ደንብ ካላቸው አንዱን በምሳሌነት ላንሣ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን በሚቀበልባቸው ዘጠኝ ግቢዎች፣ ከሁለተኛ ደረጃ የሚመጣው ተማሪ በመጨረሻው ዓመት አማካይ ነጥቡ ከ3.0 እንዳይወርድ፣ ከሲ በታች የሆነ ነጥብም እንዳያመጣ ይጠብቃል። ዲ ወይም ኤፍ ቢመጣበት፣ ወይም የሚማረውን ትምህርት ቢለውጥ፣ ኮሌጁ እስኪደርስበት ሳይቈይ ተማሪው ራሱ እንዲያስታውቅ ይጠየቃል። የመጨረሻው ትራንስክሪፕት የሚጠበቀውም እስከ ጁላይ 1 ቀን ነው።

ይህ ደንብ በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር አይደለም። በ2017 ዓመተ ምሕረት እንደ አሜሪካ አቈጣጠር፣ ከዘጠኙ ግቢዎች አንዱ የሆነው የኧርቫይን ግቢ፣ ትምህርት ሊጀመር ሁለት ወር ያህል ሲቀረው የ499 ተማሪዎችን ቅበላ ሰረዘ። በዚያ ዓመት «እንመጣለን» ያሉት አዲስ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲው ካሰበው ቍጥር እጅግ በልጠው ነበር። ከተሰረዙት ብዙዎቹ ጥፋታቸው ትራንስክሪፕታቸው በቀኑ አለመድረሱ ወይም ጕድለት ያለበት መሆኑ ሲሆን፣ የቀሩት ደግሞ በመጨረሻው ዓመት ነጥባቸው የወረደባቸው ነበሩ። ታላቅ ጩኸት ሆነ፤ በኦገስት መጀመሪያም የግቢው ኀላፊ ሃዋርድ ጊልማን ይቅርታ ጠይቀው፣ በወረቀት ምክንያት የተሰረዙትን ወደ ቦታቸው መለሱ። ነጥባቸው በግልጽ ከደንቡ በታች የሆነባቸው ግን በዚያ ምሕረት አልተካተቱም፤ ምክንያት ካላቸው ይግባኝ እንዲሉ ተነገራቸው እንጂ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ወረቀት በቀኑ መድረሱን ማረጋገጥ የተማሪው ሥራ መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ ቦታ ሲጣበብ፣ ተኝቶ የነበረው ደንብ እንደሚነቃ ነው።

ከብዙ ሐተታ ይልቅ ያየሁትን ልንገራችሁ። በቨርጂኒያ የሚኖሩ አንድ አባት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠርተውኝ፣ «መምህር፣ ልጄ ጕድ ሠርታኛለች» አሉኝ። ልጂቱ በጥሩ ነጥብ የምትታወቅና በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በምህንድስና ክፍል ቦታ ያገኘች ነበረች። በዚያ ክረምት እናቷ የቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሁለት ወር ከአልጋ አልተነሡም። ሁለቱን ታናናሾቿን ከትምህርት ቤት የምትመልስ፣ ምግብ የምትሠራ፣ ማታ ማታ ደግሞ በአንድ መደብር ገንዘብ ተቀባይ ሆና የምትሠራ እርስዋ ነበረች። አባት ሌሊት ይሠራሉ፤ ቀን ይተኛሉ። በካልኩለስ ቢ የነበረው ነጥቧ ዲ ሆነ፤ በእንግሊዝኛም ኤ የነበረው ሲ ሆነ። ይህን ሁሉ ለማንም አልተናገረችም። ትምህርት ቤቱ ወላጆች የልጆቻቸውን ነጥብ በኢንተርኔት የሚያዩበት መንገድ ነበረው፤ ነገር ግን ልጂቱ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ያስመዘገበችው ራሷ ስለ ነበረች፣ መልእክቱ ሁሉ የሚደርሰው ለራሷ ነበር። አባት የሰሙት በሜይ መጀመሪያ፣ አማካሪዋ ስልክ ሲደውሉላቸው ነው።

አባት መጀመሪያ ተቈጡ፤ ቀጥለው ደግሞ ፈሩ። «መምህር፣ ዝም ብንልስ? ኮሌጁ ያላየውን ለምን እኛ እናሳየዋለን?» አሉኝ።

«ኮሌጁ ማየቱ አይቀርም፤ በጁን ትምህርት ቤቱ ይልከዋል» አልኋቸው። «እርስዎ የሚመርጡት እንዲያውቅ ወይም እንዳያውቅ አይደለም። የሚመርጡት፣ አስቀድሞ ከልጅዎ አፍ እንዲሰማው ወይም በኋላ ከወረቀት ላይ እንዲያገኘው ነው።»

ጥቂት አሰቡና ልጂቱን ጠሯት። «አባዬ፣ እናንተ እንዳትጨነቁ ብዬ ነው» ብላ አለቀሰች። ያን ጊዜ የአባት ቍጣ ወዴት እንደ ሄደ አላውቅም። እኛ በባሕር ማዶ የምንኖር ወላጆች፣ ልጆቻችን የእኛን ድካም እያዩ ስለሚያድጉ፣ የገዛ ድካማቸውን ከእኛ የሚሰውሩበት ጊዜ እንዳለ ማወቅ ይገባናል። ስንፍና የሚመስለን ሁሉ ስንፍና አይደለም።

በማግሥቱ ልጂቱ ወደ ካልኩለስ አስተማሪዋ ሄዳ፣ ምን ያህል ፈተና እንደ ቀረ፣ ነጥቧም እስከ ምን ድረስ ሊነሣ እንደሚችል በቍጥር ጠየቀች። ከዚያ ከአማካሪዋ ጋራ ተነጋገረች። በመደብሩ የምትሠራበትን ሰዓት በግማሽ ቀነሰች። ከዚያም ለኮሌጁ የቅበላ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጻፈች። የመጀመሪያው ረቂቋ ሁለት ገጽ ነበረ፤ ግማሹ የአስተማሪውን ክፋት፣ ግማሹ የእናቷን ሕመም የሚያወራ ነው። አስተማሪውን አስወጣን፤ ሕመሙን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስቀረን። የቀረው ይህን ይመስል ነበር፦

«በዚህ መንፈቀ ዓመት በካልኩለስ ነጥቤ ከቢ ወደ ዲ፣ በእንግሊዝኛ ከኤ ወደ ሲ ወርዷል። እናቴ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በነበረበት ወቅት ታናናሾቼን እጠብቅ ነበር፤ ይሁን እንጂ በጊዜው እርዳታ አለመጠየቄ የእኔ ጥፋት ነው። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ከአስተማሪዬ ጋራ እያጠናሁ ነው፤ ሁለት ፈተና ይቀረኛል፤ ካልኩለሱን ቢያንስ በሲ ለመፈጸም እጥራለሁ። ከዚህ ሌላ ልትጠይቁኝ የምትፈልጉት ወረቀት ወይም ማብራሪያ ቢኖር፣ በጠየቃችሁኝ ቀን አቀርባለሁ።»

ልጂቱ ካልኩለሱን በሲ ፈጸመች። የቅበላ ጽሕፈት ቤቱም ቦታዋን አጸናላት። ነገር ግን ሁሉም እንደ ነበረ አልቀረም፤ የምህንድስናውን ክፍል ቦታ አጣች። መጀመሪያ የኮሌጁን ሒሳብ በጥሩ ነጥብ እንድትፈጽም፣ ከዚያ በኋላ እንደገና እንድታመለክት ተነገራት። አባት ይህን ሲሰሙ አዘኑ። እኔ ግን ትክክለኛ ፍርድ ሆኖ ታየኝ፤ ካልኩለስ የከበደውን ተማሪ ወዲያው ወደሚከብደው ማስገባት ደግነት አይደለምና።

በዚያው ዓመት ከማውቃቸው ተማሪዎች ሌላው ነገሩን በተቃራኒው መንገድ ያዘው። እርሱን ያሰነፈው ደስታው ነበር። ደብዳቤው ከመጣ በኋላ የእንግሊዝኛ ጽሑፎቹን ማስረከብ ተወና ኤፍ ተሰጠው። በጁላይ ኮሌጁ «ምክንያትህን በአሥር ቀን ውስጥ ጻፍልን» ብሎ በኢሜል ጠየቀው። ደብዳቤው ጥያቄ እንጂ ፍርድ አልነበረም። ልጁ ግን ለእናቱ ለመናገር አፍሮ ሦስት ሳምንት ዝም አለ። መልሱ ሲዘገይ ቅበላው ተሰረዘ። እናት ለጎረቤቱ ሁሉ ተናግረው፣ የመኝታውን አንሶላ ሳይቀር ገዝተው ነበር። ልጁ የዕረፍቱን ወራት በሙሉ ከእናቱ ዐይን ሲሸሽ ከረመ። ሁለቱን ልጆች የለያቸው የነጥብ ብልጫ ብቻ አልነበረም፤ አንዷ ተናገረች፣ አንዱ ደበቀ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው የአባቶቻችን ተረት በዚህ ይታያል።

እንዲህ ያለው የጥያቄ ደብዳቤ በብዙ ኮሌጅ የተለመደ ነው። በቴክሳስ ያለው ቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ነጥባቸው ለወረደባቸው አዲስ ገቢዎች የሚልከውን ደብዳቤ የራሱ ሰዎች «የፈሪሃ እግዚአብሔር ደብዳቤ» ብለው እንደሚጠሩት ይታወቃል። ስሙ ቀልድ ቢመስልም አሳቡ እውነት አለው፤ የደብዳቤው ዓላማ ልጁ እንዲነቃና እንዲመልስ እንጂ ወዲያው እንዲባረር አይደለምና። ኮሌጅ ብዙ የሚያደርገው ነገር አለው፦ ምንም ሳይል ሊያልፍ ይችላል፤ ሊያስጠነቅቅ ይችላል፤ የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት በክትትል እንዲማር ሊያደርግ ይችላል፤ ጥቂት ወራት ቈይቶ እንዲገባ ሊያደርግ ይችላል፤ በነጥብ የተሰጠውን ስኮላርሺፕ ሊያስቀር ይችላል፤ በመጨረሻም ቅበላውን ሊሰርዝ ይችላል። ከእነዚህ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው፣ ከነጥቡ ቀጥሎ፣ የተማሪው መልስ ነው።

እንግዲህ ነጥብ መውረዱ በታወቀ ጊዜ ምን እናድርግ? በቅደም ተከተል ላስታውስ።

በመጀመሪያ እውነቱን በቍጥር እንወቅ። «ትንሽ ወርዷል» የሚለው አነጋገር ለማንም አይጠቅምም፤ ስንት ነበረ፣ ስንት ሆነ፣ ስንት ፈተና ቀረ ብሎ አስተማሪውን መጠየቅ ይገባል። ሁለተኛ፣ የቅበላውን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው መስመር እናንብበው፤ የስኮላርሺፑን ደብዳቤም ለብቻው እናንብበው፤ ስኮላርሺፕ ከቅበላው የጠበቀ ሌላ ደንብ ሊኖረው ይችላልና። ሦስተኛ፣ አማካሪውን እናነጋግር። የመጨረሻውን ወረቀት የሚልከው እርሱ ስለ ሆነ፣ ከነጥቡ ጋራ ስለ ልጁ ሁኔታ ጥቂት ቃል ሊጨምር ይችላል።

አራተኛ፣ ልጁ ራሱ ለቅበላ ጽሕፈት ቤቱ ይጻፍ፤ ቢቻል ዓመቱ ሳያልቅ። አባት ወይም እናት መጻፍ የለባቸውም። ኮሌጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚነጋገሩት ከተማሪው ጋራ ነው፤ በ1974 በወጣው የተማሪዎች መዝገብ ሕግም ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው በትምህርት መዝገቡ ላይ ያለው መብት ከወላጅ ወደ ራሱ ይተላለፋል። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ በማንም አያሳብብ፤ ሕመም ወይም ሐዘን ደርሶ ከሆነ የሐኪም ወይም የአማካሪ ወረቀት ይያያዝ፤ ያልደረሰ ሐዘን ግን ፈጽሞ አይጻፍ። የወረደ ነጥብ ይቅር ይባላል፤ ሐሰት የተገኘበት ደብዳቤ ግን ይቅር የሚለው የለም።

አምስተኛ፣ ከባዱን ትምህርት መተው ነጥብን ያድናል ብሎ የሚያስብ ልጅ፣ ከመተዉ በፊት ኮሌጁን ይጠይቅ። ስድስተኛ፣ ኤፍ የመጣ እንደ ሆነ፣ በዕረፍቱ ወራት ደግሞ መማር እንደሚቻልና ኮሌጁ ይህን ይቀበል እንደ ሆነ በጽሑፍ ይጠየቅ። ሰባተኛ፣ ከኮሌጁ የሚመጣውን ኢሜል ከምረቃው በኋላም ቢሆን በየቀኑ መክፈት ያስፈልጋል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የኢሜል አድራሻ ያመለከተ ልጅ፣ አድራሻው ከምረቃ በኋላ ሊዘጋ እንደሚችል አስቦ አስቀድሞ ይለውጠው።

ምክሩ በአገር ቤት ሆነው በአሜሪካ ኮሌጅ ቦታ ላገኙ ተማሪዎችም ይሆናል። ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የተባለውን ወረቀት የሚሰጠው ኮሌጁ ነውና፣ ቅበላው ሲሰረዝ ወረቀቱም አብሮ ይወድቃል። አውሮፕላን ከመሳፈር በፊት የመጨረሻው ትራንስክሪፕት በትክክል መድረሱን ማረጋገጥ ይበጃል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቅበላው ቢሰረዝስ? በመጀመሪያ ይግባኝ የሚባልበትን ቀን መጠየቅ ነው። ቀጥሎም፣ በአሜሪካ ያለው የኮሌጅ ቅበላ አማካሪዎች ብሔራዊ ማኅበር ከሜይ 1 በኋላ ገና ቦታ ያላቸውን ኮሌጆች ዝርዝር በየዓመቱ ስለሚያወጣ፣ እርሱን ከአማካሪ ጋራ መመልከት ነው። ከሁሉ የቀረበው በር ግን የሕዝብ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ የኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከ2018 ጀምሮ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋራ አድቫንስ በተባለ ስምምነት ተማሪዎችን ያሸጋግራል። በካሊፎርኒያም ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚመጣ ተማሪ የተወሰነውን ነጥብ ሲያሟላ፣ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በስድስቱ ቦታ አስቀድሞ ዋስትና የሚያገኝበት ሥርዓት አለ። ቀደም ብዬ የነገርኋችሁ ልጅ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተሻገረ። መንገዱ ረዘመ፤ ግን አልተቈረጠም። ስለዚህ ወላጅ ሆይ፣ ልጅህ ይህ ቢደርስበት «አዋረድኸኝ» አትበለው። ነጥቡ የሚድንበት መንገድ አለ፤ ከወላጁ የሸሸ ልብ ግን በቀላሉ አይመለስም።

ከመጨረሴ በፊት ለወላጆች ሁለት ነገር ልጨምር። የትምህርት ቤቱን መልእክት ሁሉ ልጁ ብቻ ተርጓሚ እንዳይሆንበት እንጠንቀቅ። ልጅ የገዛ ጥፋቱን ለአባቱ እንዲተረጕም ማድረግ ከባድ ፈተና ውስጥ ማግባት ነው። የነጥብ መመልከቻውን በራሳችን ኢሜል እናስመዝግብ፤ እንግሊዝኛው ቢቸግረን አስተርጓሚ እንጠይቅ። ለምሳሌ በሜሪላንድ የሞንትጎሜሪ ካውንቲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚሆነውን ጽሑፍ በአማርኛ ጭምር ያዘጋጃሉ። ሁለተኛው፣ ደብዳቤው በመጣበት ምሽት፣ ቡናው ተጠጥቶ እልልታው ከበረደ በኋላ፣ ልጃችንን ከአጠገባችን አስቀምጠን እንዲህ እንበለው፦ «ልጄ፣ ደስ ብሎናል። እስከ ጁን ድረስ የሚከብድህ ነገር ቢኖር፣ ከማንም በፊት ለእኛ ንገረን። አንቈጣም።» እንዲህ ብለንም ቃላችንን እንጠብቅ።

በአብነት ትምህርት ቤት የዳዊትን መዝሙር የፈጸመ ልጅ፣ ድግስ ከተደገሰለት በኋላ በማግሥቱ ወደ መምህሩ ተመልሶ መድገሙን ካልቀጠለ፣ የያዘው ቃል ሳይውል ሳያድር ከአፉ ይጠፋል። ድግሱ የትምህርቱ መጨረሻ አልነበረም። የኮሌጁም ደብዳቤ እንዲሁ ነው። እግዚአብሔር ልጆቻችንን የጀመሩትን የሚፈጽሙ ያድርግልን፤ እኛንም ልጆቻችን ችግራቸውን ሳይፈሩ የሚነግሩን ወላጆች ያድርገን።